“ወልዳ፣ አጥብታ እንዴት በጡት ካንሰር?”

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባችንን ቀብረን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ሟች ሦስት ልጆች ወልዳ ሁሉንም አጥብታ ያሳደገች፣ ዕድሜዋም ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ የነበረ ሴት ናት። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት “ወልዳ፣ አጥብታ እንዴት በጡት ካንሰር ትሞታለች?” አሉ። ሌላዋ ቀበል አድርገው “ይኼ እኮ ያልወለዱ ሴቶች በሽታ ነው” ሲሉ፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ልጅ የሌላት ጓደኛችን አንገቷን ደፋች። ሁለቱም አባባሎች ከግማሽ እውነት የተነሡ በመሆናቸው ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ተገቢ መስሎኛል።

ግማሹ እውነት የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጡት ካንሰር በመነኮሳይት ላይ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 “ላንሴት” በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ በ30 አገሮች የተካሄዱ 47 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ደግሞ አኃዙን አስቀመጠ። በእያንዳንዱ ወሊድ አደጋው በ7 በመቶ ይቀንሳል፤ ለእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት ደግሞ በተጨማሪ 4.3 በመቶ ይቀንሳል። የመጀመሪያ ልጅ በለጋ ዕድሜ መወለዱም እንዲሁ አደጋውን ዝቅ ያደርጋል። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የጡት ሕዋሳት በእድገታቸው ሙሉ የሚሆኑት በመጀመሪያው እርግዝና መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ መቀነስ ማለት መጥፋት ማለት አይደለም። በዚህ ስሌት ሦስት ልጅ መውለድ ብቻውን አደጋውን የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ቀሪው አራት እጅ እዚያው አለ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 15 የረጅም ጊዜ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ዓመታት አደጋው ካልወለዱ ሴቶች ይልቅ ከፍ ይላል። ጣራ የሚነካው ከወለዱ ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ወደ መከላከያነት የሚለወጠው ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በወጣት ሴቶች ላይ በሽታው በጥቅሉ ብዙ ስላልሆነ ይህ መደናገጥን አይጠይቅም። ጥንቃቄን ግን ይጠይቃል።

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። የምታጠባ እናት ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ከጎረቤት የምትሰማው “ወተት ቋጥሮ ነው” የሚል ነው። አንዳንዴ ባለሙያውም ይህንኑ ይደግምላታል። እብጠቱ አያማትም፤ ስለማያማትም ትተወዋለች። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ መሠረት የጡት ካንሰር ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚዎችም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ባልደረባችንም እብጠቱን ያየችው ሦስተኛ ልጇን ስታጠባ ነበር።

ሴት ልጅ ካንሰርን ለመከላከል ብላ ትውለድ አይባልም። ትምህርቷን የቀጠለችውን ወይም መውለድ ያልቻለችውን በለቅሶ ቤት መውቀስም ነውር ነው። ማጥባት ግን ሊታገዝ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጥ ነው። የቀረውን ሦስት ወር ማን ይሙላው? መሥሪያ ቤቶቻችን የማጥቢያ ክፍልና ሰዓት ቢሰጡ ከልጁም አልፎ ለእናቲቱ ጤና ይበጃል።

ከሁሉ በፊት ግን የምለው አንድ ነው። የወለደችም ያልወለደችም፣ የምታጠባም ያቆመችም፣ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘችና በሁለትና ሦስት ሳምንት ካልጠፋ ትመርመር። “ወተት ነው” የሚለውን ፍርድ ምርመራው ይስጥ እንጂ ጎረቤት አይስጥ።