አሮጌ ዊንዶውስ በአዲስ ሃርድ ዲስክ ላይ፤ ለምን እንታገላለን?

በጎንደር ከቀሐ እስከ ፒያሳ፣ በጽሕፈት አገልግሎት ቤቶችም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ቢገኝ አያስገርምም። የእነዚህ ፕሮግራሞች የቀድሞ ፎንቶች የአማርኛን ፊደላት ለላቲን ፊደላት በተመደበው ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በመሆኑም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። አሮጌው ኮምፒውተር ሲበላሽ ታዲያ ባለቤቱ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ዊንዶውስ ኤክስፒን እንደገና ለመጫን ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስፒ የሳታ ዲስኮችን በኤኤችሲአይ ስልት የሚያነጋግር ድራይቨር አብሮት ስለሌለ ተከላው በሰማያዊ ገጽ ይቋረጣል። ድራይቨሩን በፍሎፒ ማቀበል ወይም በባዮስ ውስጥ ወደ አይዲኢ መቀየር ይቻል ነበር፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ፍሎፒውም ምርጫውም የለም።

ተከላው ቢሳካ እንኳ ሌላ ስውር እንከን አለ፤ ተማሪዎች በወረቀት ሊያሰሉት ይችላሉ። ኤክስፒ የመጀመሪያውን ክፍልፍል የሚጀምረው 63 ሴክተሮችን ዘሎ ነው። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሚቆጠር መነሻው ከዲስኩ መጀመሪያ 32,256 ባይት ይርቃል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች ግን በውስጣቸው የሚጠቀሙት ባለ 4,096 ባይት ሴክተር ነው። 32,256 ለ4,096 ሲካፈል 7.875 ይሆናል፤ ሙሉ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ሲስተሙ የሚጽፈው እያንዳንዱ ባለ 4,096 ባይት ክላስተር በሁለት ሴክተሮች ላይ ይንጠለጠላል፤ ዲስኩም ሁለቱን አንብቦ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ለመጻፍ ይገደዳል። ባለቤቱ «ዲስኩ ቀርፋፋ ነው» ይላል። ዲስኩ ምን አጠፋ?

በእኛ እምነት ይህ ሁሉ ትግል አያስፈልግም። ሰነዱን ለማንበብ ብቻ ከሆነ ፎንቱን በአዲሱ ሲስተም ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። የጽሕፈት ፕሮግራሙ የግድ ካስፈለገም ኤክስፒን በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ መጫን ይሻላል፤ በዚያ ውስጥ የሚያየው የሚያውቀውን አይዲኢ ዲስክ ነውና። ኢንተርኔቱ ግን ይቆረጥበት፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሟል።

ዋናው ሥራ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በቂ ጊዜ አልፏል። መለወጫው በመሠረቱ የአሮጌውን ኮድ ከአዲሱ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ስለሆነ ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልጉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ቢሞክሩት መልካም ነው። የተለወጠው ጽሑፍ ከታተመው ቅጂ ጋር ሳይመሳከር ግን ዋናው ፋይል አይጥፋ።