የእሑድ ኬክ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የልጅ ልጄን ይዤ አራት ኪሎ ኬክ ቤት ጎራ እላለሁ። ለእሷ ብላክ ፎረስት፣ ለእኔ ስኳር የሌለው ማኪያቶ። የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ “አባባ ጣፋጭ አይወድም” ብላ ነው የምታስበው።

ባለፈው እሑድ ከኬኳ አጎረሰችኝ። የልጅ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ጎረስኩ። “አንድ ያጣላል” ብላ ሁለተኛውን ስታነሳ ግን እውነቱን ነገርኳት።

ሹካዋን አስቀመጠች። “እኔንም ይይዘኛል?”

“የሳምንቱን ኬክ ብይ፤ መጠንቀቅ ያለብን የየቀኑን ነው” አልኳት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

በጣቷ ቆጠረች። “ጠዋት ሻዬ ላይ 3፣ መክሰስ ላይ 3። አባባ፣ ሻዩ ብቻ ጨረሰው እኮ!”

ዝም አልኩ። ሻይዋን የማጣፍጥላት እኔው ነኝ። ኬኩን ስጠረጥር ማንኪያው በእጄ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ በስኒ 1 ማንኪያ ሆኗል። ፊቷን ታኮሳትራለች፤ ግን ትጠጣለች። የእሑዱ ኬክ እንዳለ ነው። እናንተስ ቤት፣ ለልጆቹ ሻይ ስንት ማንኪያ ይገባል?