ጭሱን ማን ይለካልን?

በአገራችን ልማድ ጭስ ክፉ ስም የለውም። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ይጨሳል፤ የወተት ዕቃው በወይራ ይታጠናል፤ ጭስ የማይታይበት ጎጆ ሰው የለበትም ይባላል። አዲስ አበባም በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቧን ከፈጀባት ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊዋን በየደጁ እያቃጠለች፣ “ኅዳር ሲታጠን” እያለች በሽታን በጭስ ስታባርር ኖራለች። ስለዚህ ባለ ረጅም ጭስ ማውጫው ፋብሪካ ወደ ሰፈራችን በመጣ ጊዜ ብዙዎቻችን ቀና ብለን ያየነው እንደ ባላጋራ ሳይሆን እንደ እንጀራ ነበር። ኅዳር የሚታጠነው ግን በዓመት አንድ ቀን ነው። ፋብሪካው የሚያጥነን 365ቱንም ቀን ነው።

ይህን ለማለት ያነሣሣኝ አንድ አጭር ንግግር ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። ቁርጥራጭ ብረት እያቀለጠ የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ ከቤታችን አጥር ጋር ይዋሰናል። ሌሊት ሌሊት የሚለቀው ጭስ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ላይ፣ የውሃ በርሜል ክዳን ላይ፣ የሕፃን ትራስ ላይ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ከመካከላችን አንዲት እናት በአስም የሚሠቃይ ልጇን አዝላ መጥታ ነበር።

ያነጋገረን ወጣት ኀላፊ ትሑት ሰው ነው። ብድግ ብሎ ተቀበለን፤ ወንበር አስመጣልን፤ እስከ መጨረሻው ሰማን። ከዚያ በኋላ፣ “እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ችግራችሁ ይገባኛል። ግን ማስረጃ አላችሁ ወይ? ሽታ ማስረጃ አይሆንም። ፋብሪካው በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ንጹሕ ነው” አለን።

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ “ልጄ፣ ሪፖርቱን የሚጽፈው ማነው?” ብለው ጠየቁት።

“ራሱ ፋብሪካው ነው፣ እማማ።”

“የአይጥ ምስክር ድንቢጥ!” አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኛም ተከትለን ወጣን።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የኀላፊውን ጥያቄ በቁም ነገር እንውሰደው። ሰውየው ግማሽ እውነት ይዟል። አፍንጫ ደካማ ምስክር ነው። ለአንድ ሽታ ከተለማመደ ዝም ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ገዳይ ጋዝ ሆኖ ሳለ ሽታ የለውም። ከጭስ ጋር የሚወጣ የእርሳስ ብናኝም አይሸትም። ከሁሉ የከፋው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ደቃቅ ብናኝ፣ ከራስ ጠጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ስለሚቀጥን በዓይን ለይተን አናየውም፤ በሳንባ በኩል አልፎ እስከ ደም ይዘልቃል። ልብስ ላይ ያየነው ጥቁር ዱቄት እንኳ ከባዱና ቶሎ የሚወድቀው ነው። የሚጎዳን በአብዛኛው ያልወደቀው ነው። ስለዚህ መለካት አለበት። በዚህ ከኀላፊው ጋር አንጣላም። የምንጣላው ማን ይለካ፣ የት ይለካ፣ መቼ ይለካ በሚለው ላይ ነው።

በመጀመሪያ የት? ፋብሪካው ቢለካ የሚለካው ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው። ጭስ ግን በማውጫው ብቻ አይወጣም። ምድጃው ሲከፈት በጣሪያ ክፍተት ይወጣል፤ ከተከመረው ቁርጥራጭና አመድ ላይ በነፋስ ይነሣል። ይህ ሁሉ በማውጫው መለኪያ ዘንድ እንዳልነበረ ነው። ሰው የሚተነፍሰውም ማውጫው ጫፍ ላይ ወጥቶ ሳይሆን አጥሩ ሥር ቆሞ ነው። መለኪያው መቆም ያለበት አጥሩ ላይ፣ በሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ነፋሱ ከሚመጣበት፣ አንዱ ነፋሱ ከሚሄድበት። የሁለቱ ልዩነት የፋብሪካው ድርሻ ነው።

መቼስ? ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቢመጣ ምን ያገኛል? የተጠረገ ግቢ! በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ተኝቶ፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተለቀቀ ጭስ ወደ ላይ መውጫ አጥቶ እስከ ንጋት ከሰው ጋር ያድራል። ያንን ሰዓት ያልለካ ሰው ሰፈሩን አልለካም።

ማን ይለካ ለሚለው የሌላውን አገር ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ፣ ሮዲዮ በምትባል ከተማ፣ ከአንድ ነዳጅ ማጣሪያ ለ16 ቀናት ኬሚካል ሲተን ሰነበተ። ነዋሪው ታመመ፤ የመንግሥት መለኪያ ግን ያን ያህል ነገር አላየሁም አለ። ኤድዋርድ ማስሪ የተባለ ጠበቃ መሐንዲሶችን ቀጥሮ ማንም ሰው ሊይዘው የሚችል የአየር መቅጃ አሠራ። ዕቃው ተራ የፕላስቲክ ባልዲ ነው፤ ውስጡ ልዩ ከረጢት አለበት። ሽታው ሲመጣ ነዋሪው አየሩን ወደ ከረጢቱ ይስባል፤ ከረጢቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በዚሁ ባልዲ በሉዊዚያና፣ ኖርኮ ከተማ፣ በሼል ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካና ማጣሪያ መካከል ተጣብቀው የሚኖሩ የዳይመንድ ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን በማርጂ ሪቻርድ መሪነት ቁጥር ይዘው ቀረቡ። ለዓመታት “ሽታ ነው” ሲባሉ የኖሩት ሰዎች የኬሚካሎቹን ስም እየጠሩ ተከራከሩ። በ2002 ኩባንያው ቤታቸውን ገዝቶ ሊያነሣቸው ተስማማ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ነዳጅ ማጣሪያዎች ሁሉ በአጥራቸው ዙሪያ የመለኪያ ቱቦ ተክለው፣ የደም ካንሰር የሚያመጣውን ቤንዚን የተባለ ኬሚካል (መኪና ከሚጠጣው ቤንዚን ጋር ስሙ ቢገጥምም ሌላ ነው) ዓመቱን ሙሉ እንዲለኩ፣ ውጤቱም ለሕዝብ እንዲገለጥ ደነገገ። የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ ከ9 ማይክሮግራም ካለፈ ኩባንያው ምንጩን ፈልጎ የማረም ግዴታ አለበት። ቱቦው የጣት ያህል ነው። መብራት አይፈልግም።

“እሱ አሜሪካ ነው” የሚል ካለ ጎረቤታችን ኬንያ ትምጣ። በሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል የድሆች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2007 አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ተከፈተ። ፊሊስ ኦሚዶ እዚያው ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሕፃን ልጇ ታመመባት፤ ሲመረመር በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ሥራዋን ትታ ሰፈሩን አስተባበረች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደላቸው፤ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ2024 መጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለሰው። ፍርዱ ደግ ነው። ግን እርሳስ በልጅ አእምሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የትኛው ሽልንግ ይመልሰዋል? ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ መራራ ነገር አለ። በአጥሩ ላይ አየሩ ሳይለካ ሲቀር፣ በመጨረሻ የሚለካው የሕፃኑ ደም ነው። ያ ወጣት ኀላፊ “ማስረጃ አምጡ” ሲለን፣ ሳያውቀው፣ የጠየቀን ይህንን ነበር።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። “ፋብሪካው ቢዘጋ ስንት ሰው እንጀራ ያጣል?” ይላሉ። ይዘጋ ያለ የለም፤ ይለካ ነው ያልነው። ትኩሳት የለካ ሐኪም በሽተኛውን ገደለው አይባልም። ጭሱን ከማንም በፊት የሚስበውስ ማነው? ምድጃው አፍ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ አይደለም ወይ?

“ፋብሪካው ቀድሞ ነበር፤ ቤት ሠርታችሁ የተጠጋችሁት እናንተ ናችሁ” ይላሉ። በአንዳንድ ሰፈር እውነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ለፋብሪካውም ለነዋሪውም ቦታ የሰጠው ያው አንድ አስተዳደር ከሆነ፣ የካርታው ስሕተት በልጆች ሳንባ ይከፈላል ማለት ነው?

“የከተማውን አየር የሚያበላሸው መኪናና ማገዶ ነው” ይላሉ። መኪናውም ማገዶውም እንደሚያጨሱ ማን ይክዳል? ድርሻ የሚታወቀው ግን በመለካት እንጂ በመገመት አይደለም። ፋብሪካው ንጹሕ ከሆነ ከእኛ ይልቅ መለኪያውን መፈለግ ያለበት እሱ ነበር።

“ገንዘብ የለም” ይላሉ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማክሲሚልያን ሪንግልማን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጭስ ጥቁረት የሚመዘንበትን ወረቀት ሠራ። በመስመር የተከፋፈለ ካርድ ነው፤ ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል፤ ከጭሱ ጋር እያስተያዩ ቁጥሩን ይመዘግባሉ። ካርዱ እርሳሱንም ሆነ ደቃቁን ብናኝ አይነግረንም፤ ያ በማጣሪያ ወረቀት ተይዞ በላቦራቶሪ መታየት አለበት። በርካሽ የሚሸጡት የኤሌክትሪክ መለኪያዎችም አየሩ ሲረጥብ ስለሚሳሳቱ ከታመነ መሣሪያ ጋር መነጻጸር ይገባቸዋል። ቢሆንም ከወረቀት መጀመር ይቻላል። ወረቀት መግዣ አጣን ማለት ግን ያሳፍራል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለ አዲስ አበባ አየር ማንም የሚያነበው ቁጥር በአመዛኙ ከአሜሪካ ኤምባሲ የሚመጣ ነበር። ኤምባሲው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመለኪያውን ንባብ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጀት የለኝም ብሎ በዓለም ዙሪያ ያሉትን የኤምባሲዎቹን ንባብ ማስተላለፍ አቆመ። የተውሶ ቁጥር ባለቤቱ ሲሻ ይነሣል። ለነገሩ ኤምባሲው ያለው በሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ነው። ፋብሪካዎቹ የተደረደሩት በደቡብ፣ በአቃቂና በቃሊቲ ነው።

ሕግ ጎድሎን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካዩ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጠ። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል አለ። ይህ ትልቅ በር ነው። ግን ፍርድ ቤቱም እንደ ወጣቱ ኀላፊ “ማስረጃችሁ የታለ?” ማለቱ አይቀርም። ያለ ቁጥር የሚሰጥ መብት፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቤት ማለት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመኖሪያ ቤት ጋር የሚዋሰን ጭስ አውጪ ፋብሪካ ሁሉ በአጥሩ ላይ፣ በሁለቱም የነፋስ ወገን፣ ሌትና ቀን የሚሠራ መለኪያ ይተከልበት። ሁለተኛ፣ ወጪውን ፋብሪካው ይክፈል፤ መሣሪያውን ግን የሚይዘው፣ ከፋብሪካው ደመወዝ የማይቀበል ሌላ እጅ ይሁን፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ አያንሱም። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከነሰዓቱ በየሳምንቱ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፤ ከጎኑም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ልክ ይጻፍ፦ ለደቃቁ ብናኝ በቀን 15፣ በዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ። አራተኛ፣ ልኩ ሲታለፍ ምን እንደሚደረግ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ኀላፊነት፣ አስቀድሞ ይወሰን። መዘዝ የሌለው ቁጥር ከጌጥ አያልፍም።

ከእኛ ከነዋሪዎቹም የሚፈለግ አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሳንባ ግን ይነቅዛል። ዕድራችን ለቀብር መዝገብ ይይዛል፤ ለጭሱስ መዝገብ ቢይዝ ምን ይከብደዋል? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የሳለውን ልጅ ቁጥር የሚጽፍ አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃል። ደብተሩ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም። መለኪያው በተተከለ ቀን ግን የቱን ሰዓት ማየት እንዳለበት ይመራዋል።

እኛ ያንን ደብተር ከየካቲት ጀምረናል። አሮጊቷ ጎረቤታችን ማንበብና መጻፍ ባይችሉም ሌሊት ጭሱ ሲለቀቅ የልጅ ልጃቸውን ቀስቅሰው ያስጽፋሉ። ደብተሩ ሲሞላ ወደዚያው መሥሪያ ቤት፣ ወደዚያው ትሑት ወጣት እንመለሳለን። ማስረጃ አላችሁ ወይ ብሎ ከጠየቀን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን በተራችን አንድ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፦ የእናንተስ መዝገብ የታለ?

ቸር ያሰንብተን።