ከማን ማሳ የተለቀመ ነው?

በሸዋ ቤንች ቡና በሚደርስበት ወራት፣ የቡና ተክል የሌለው ሰው እሸት ቡና በጆንያ ተሸክሞ ወደ ነጋዴ ቢመጣ፣ ነጋዴው አስቀድሞ «ከማን ማሳ የተለቀመ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሳይጠይቅ ከገዛ የሌባ ተቀባይ ነው። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» ቢል ማንም አይሰማውም። ይህን የማያውቅ ልጅ በአገራችን የለም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እንግዲህ ይህን ፍርድ ይዘን ወደ ለንደን የጨረታ አዳራሽ እንግባ።

ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል፣ ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት፣ በጎንደር ነገሥታት ቤት የኖረ ነው። ሣዩ አውሮፓዊ እንደ ነበረ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ዳሩ ግን ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ፣ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ሰዎች እጅ ወድቆ ቤዛ ተከፍሎበት ተመልሷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪትሽ ሙዚየም ሰው አገኘው። የመጣው ለሙዚየሙ ሊሰበስብ ነበር፤ ሥዕሉን ግን ለራሱ አስቀረው። ሌላው ምርኮ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ሥዕሉንና ክብረ ነገሥትን ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ዱካው እንዳልተገኘ፣ ወደ እንግሊዝ አገር መግባቱም እንደሚያጠራጥር ተመለሰላቸው። በዚያን ጊዜ ሆልምስ በዊንድሶር የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ሹም ነበር! ንግሥቲቱ ያውቁ ነበር አልልም፤ እርሱ ግን ያውቅ ነበር።

እርሱም ከሞተ በኋላ ሥዕሉ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1917 በክሪስቲ የጨረታ ቤት ተሸጠ፤ በ1950ም እንደ ገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። «ከማን ማሳ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንዳንድ የተማሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ «እኛ ዘንድ ቢቆይ ኖሮ ይቃጠል ነበር፤ እነርሱ ጠበቁልን» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። መቅደላን ያቃጠላት ማን ሆነና? ጄኔራል ናፒዬር አይደለምን? ቤትህን ያቃጠለ ሰው ከቤትህ ያወጣውን ዕቃ ከእሳት አዳንሁልህ ቢልህ ታመሰግነዋለህን?

ይህ ያለፈ ነገር እንዳይመስልህ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርበው ነበር። ኢትዮጵያ ስለ ጮኸች ጨረታው ቀረ፤ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅትም ዕቃዎቹን ገዝቶ ለኤምባሲያችን አስረከበ። ገዝቶ! ለበጎ አድራጊው ምስጋና ይድረሰው፤ ነገር ግን የወራሪው ዕቃ ያዥ ዋጋውን ተቀበለ እንጂ ማንም «መልስ» አላለውም።

አሁን ደግሞ የሚመርረውን ልናገር። ከእኛ ከቤንች ጎረቤት ከካፋ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ፣ የመንግሥቱ ዘውድም ተወሰደ። የወሰደው እንግሊዝ አልነበረም፤ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ነው። በኋላም ዘውዱ ከንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ወደ ስዊዝ አገር ሄደ፤ በ1954ም ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ። ተመለሰ እንላለን፤ የተመለሰው ግን ወደ ካፋ አይደለም።

ስለ ኵርዓተ ርእሱ ከእኔ ጋር የተቆጣህ ወጣት፣ ስለዚህ ዘውድ የቦንጋ ልጅ ቢጠይቅህ ምን ትመልስለታለህ? «ዞሮ ዞሮ አገር ውስጥ ነው» እንዳትለው። የለንደኑም ሻጭ «ዞሮ ዞሮ በደኅና እጅ ነው» ነበር ያለን።