«አላህን ማን ፈጠረው?» ለሚል ጠያቂ ቁጣ መልስ ይሆናልን?

 

ዛሬ ከውርጌሳም ሆነ ከመርሳ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ የሚሉትን ትምህርት ይማራል። ለዕረፍት ሲመለስ ከመስጊድ ደጃፍ ለኡስታዙ የሚያቀርበው ጥያቄ እንደ ድሮው ስለ ውዱእና ስለ ሶላት ብቻ አይደለም። «ማንኛውም ነገር ፈጣሪ አለው ካላችሁ አላህን ማን ፈጠረው?» ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው «አስተግፊሩላህ በል! ይህ የሸይጧን ጉትጎታ ነው» የሚል ቁጣ ነው። ልጁም እዚህ ቤት መልስ የለም ብሎ ደምድሞ ዝም ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው እንግዲህ ከተቆጪው ጋር ነው።

ለመሆኑ ይህን ጥያቄ ማን ወለደው? «ማንኛውም ነገር ፈጣሪ አለው» እያልን በየደዕዋው መድረክ ስንናገር የኖርነው እኛው ራሳችን አይደለንምን? አባባሉ እንዲያ ከሆነ የልጁ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ «ማንኛውም» ያለ ሰው ያስቀረው ነገር የለምና። የተውሒድ ሊቃውንት ግን እንዲህ አላሉም። እነርሱ ያሉት «ሓዲስ የሆነ ሁሉ አስገኚ አለው» ነው። ሓዲስ እዚህ ላይ ሳይኖር ቆይቶ ኋላ የተገኘ ማለት ነው፤ አዲስ ከሚለው ከግእዙ «ሐዲስ» ጋር አንድ ሥር ስላለው ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ የሌለውን ደግሞ «ማን አስጀመረው?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄው ራሱ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1490 ያረፉት ኢማም ሰኑሲ «ኡሙል በራሂን» በተባለው ኪታባቸው ከዘረዘሯቸው ሃያ ሲፋዎች ከዉጁድ ቀጥሎ የሚመጣው ቂደም፣ ማለትም መጀመሪያ የሌለው መሆን ነው። ይህን በቃሉ የያዘ ደረሳ መልሱን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ሲጠየቅ ግን ኪሱን በመፈተሽ ፈንታ ዱላውን ይፈልጋል።

ልጁ እዚህ ላይ አይቆምም፤ ሊቆምም አይገባም። «አንዱ ሌላውን እያስገኘ ወደ ኋላ ያለ ማለቂያ ቢቀጥልስ ምን ይከለክለዋል?» ይላል። ይህ ከበድ ያለ ጥያቄ ነው። ለገበሬ ልጅ እንዲህ ብለን ልናስረዳው እንችላለን። አንድ ሰው የዘር ማሽላ አጥቶ ከጎረቤቱ አንድ ቁና ተበደረ እንበል። ጎረቤቱም የራሱ የለውም፤ ከሌላ ተበድሮ ነው የሰጠው። ያኛውም ከሌላ። የተበዳሪዎቹን ቁጥር የፈለግኸውን ያህል አርዝመው፤ ከመካከላቸው የራሱ እህል ያለው አንድ ሰው ከጠፋ ያቺ ቁና ከየት መጣች? የተበዳሪ ብዛት እህል አይሆንም። ፍጡራንም መኖራቸውን የተዋሱ ናቸውና ከማንም ያልተዋሰ፣ መኖሩ የራሱ የሆነ ሊኖር ግድ ነው።

«እሺ» ይላል ብልሁ ልጅ፤ «ይህ አንድ ባለ እህል እንዳለ ያሳያል እንጂ ዐዋቂ መሆኑን፣ መልእክተኛ መላኩን፣ ሶላት ማዘዙን የቱ ላይ ያሳያል?» ብዙ ተከራካሪዎች ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው። ምን ያስጮኻል? ልጁ እውነቱን ነው፤ ይህ ማስረጃ እስከዚያ አይደርስም። የፈጣሪ ዐዋቂነት በፍጥረቱ ሥርዓት፣ የመልእክተኛው እውነተኛነት ደግሞ ባመጡት ቁርኣንና በኖሩት ሕይወት ይታወቃል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ማስረጃ አለው። በአንድ አህያ ላይ የአምስት አህያ ጭነት ጭነን፣ ስትወድቅ አህያይቱን የምንደበድብ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህ አካሄድ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ዳና፣ ገታና ጀማ ንጉሥ የዕውቀት ማዕከል በሆኑበት በወሎ ምድር ኪታብ የቀራ ሰው «ፈኢን ቂለ» ማለትም «እንዲህ ቢባል»፣ ቀጥሎም «ቁልና» ማለትም «እንዲህ እንላለን» የሚለውን ያውቀዋል። ተቃውሞውን ከተቃዋሚው አፍ ቀድሞ ማንሣት የሊቃውንቱ ልማድ ነበር። ኢማም ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) የፈላስፎችን አሳብ «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፍ ዘርዝረው አስፍረዋል፤ በ«ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ደግሞ በሃያ ጉዳዮች ሞግተዋቸዋል። በዚሁ በተሃፉት መግቢያ ላይ ስለ ግርዶሽ ያሉት ዛሬም የሚያስፈልገን ነው። ግርዶሽ በፀሐይ፣ በጨረቃና በምድር አሰላለፍ የሚመጣ መሆኑን በስሌት ያረጋገጠ ሰው፣ «ይህ የሃይማኖት ተቃራኒ ነው» ቢባል ስሌቱን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው ሃይማኖቱን ነው። እንዲህ ያለው ተከላካይ ከአጥቂው ይብሳል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በታየችበት ዕለት ሰዓቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ እንደተባለውም ሆነ። ያን ዕለት የኩሱፍን ሶላት የሰገደ ሰው ከስሌቱ ጋር ምን ጠብ ነበረው? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ብትጋረድና ሰዎች ከሞቱ ጋር ቢያያይዙት፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ነግረው ወደ ሶላት ነው የጠሯቸው።

የተቆጪዎቹ ጠንካራ መከላከያ ሐዲስ ነው። ሸይጧን «ይህን ማን ፈጠረው?» እያለ «ጌታህንስ ማን ፈጠረው?» እስከማለት እንደሚደርስ፣ ያኔ በአላህ መጠበቅና ማቆም እንደሚገባ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። «ነቢዩ አቁሙ ካሉ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ይሉናል። ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ሸርሓቸው ከኢማም ማዚሪ ያስተላለፉትን ቢያዩ ኖሮ መልሱን እዚያው ባገኙት። ውል ብሎ የሚያልፍ፣ በሹብሃ ያልመጣ አሳብ ችላ በማለት ይባረራል፤ ሹብሃ አምጥቶት በልብ የተቀመጠው ግን በማስረጃ ካልሆነ አይነቀልም ብለዋል። ሐዲሱ ለባለ ልቡ የተሰጠ መድኃኒት ሆኖ ሳለ የሌላውን አፍ መዝጊያ አደረግነው።

ደግሞስ ያሲንን የማይቀራ ማን አለ? በሱራው መጨረሻ የበሰበሰውን አጥንት ማን ሕያው ያደርገዋል ያለው የከሃዲው ጥያቄ ሰፍሯል። አላህ ጥያቄውን አልደበቀውም፤ እስከ ቂያማ የሚቀራ አድርጎት፣ መጀመሪያ ያስገኘው ዳግመኛ እንደሚያስነሣው መለሰ። እኛ ለእምነት ከቁርኣን ይበልጥ ተቆርቋሪዎች ነንን?

ኢማም ሻፊዒ ከላምን አውግዘዋል የሚሉም አሉ። አዎን፣ አውግዘዋል፤ ይሁንና ሐፍስ አል-ፈርድ ከተባለው ተከራካሪ ጋር ራሳቸው ተሟግተዋል። ይልቅስ ክብደት ያለው የኢማም አሕመድ ወቀሳ ነው። አል-ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ ሙዕተዚላዎችን የሚቃወም መጽሐፍ ቢጽፉ፣ ኢማም አሕመድ፣ አንባቢው ሹብሃውን ይዞ መልሱ ሳይገባው ቢቀርስ የሚል ወቀሳ አቅርበውባቸዋል። ገዛሊ ይህን በ«አል-ሙንቂዝ» አንሥተው፣ ወቀሳው ገና ላልተሰራጨ ሹብሃ ትክክል መሆኑን፣ ከተሰራጨ በኋላ ግን መመለስ ግዴታ እንደሆነና ሳይጠቅሱ መመለስ እንደማይቻል አስረድተዋል። ዛሬ የልጁ ስልክ ውስጥ የሌለ ሹብሃ የትኛው ነው?

የኢማም አሕመድ ስጋት ግን ስለ ቦታው ያስጠነቅቀናል። የጁሙዓ ኹጥባ ለዚህ አይሆንም፤ ግማሹን ሰምቶ ወደ ገበያ የሚሮጥ ብዙ ነው። ከዐስር በኋላ ባለው ደርስ፣ ጠያቂው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይናገር፤ ኡስታዙም መጀመሪያ ጥያቄውን ከልጁ ባልተናነሰ አሳምሮ ይድገመው፣ ከዚያ ይመልስ። መልሱን ካላወቀው «አላሁ አዕለም» ብሎ ለሚመጣው ሐሙስ ይቅጠረው፤ እስከዚያ ኪታቡን ይገልጣል።