ስለ ጓሮ ባቄላና ስለ ቅይጥ ዘሩ

በየካና በእንጦጦ ጋራ ሥር ጓሮ ያላችሁ ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤ ሰኔ ሲገባ ምን እንዝራ ብላችሁ የተመካከራችሁ እንደ ሆነ፣ ለዚህ ደጋ አየር የተስማማ ነውና ባቄላን አትርሱ። እሸቱ ለልጆች፣ ክኩ ለወጥ፣ በቆልቱና ሥልጆው ለጾም፣ ጉልባኑም ለጸሎተ ሐሙስ ይሆናል። ደግሞም መሬቱን ያሰባዋል እንጂ አያደኸየውም።

ዛሬ ልናሳስብ የወደድነው ግን ስለ ዘሩ ነው። የአገር ባቄላ በእፍኝ ተይዞ ቢታይ፣ ትልቁና ትንሹ፣ አረንጓዴውና ቡናማው ተቀላቅሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮ፣ አንድ መልክ ያለውን ብቻ ለቅሞ ይዘራል፤ የቀረውንም ለቆሎ ይሰጣል። ይህ ለዓይን ያምራል፤ ለጓሮ ግን አይበጅም። ከቅይጡ መካከል አንዱ ፈጥኖ ያብባል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ውርጭን ወይም በሽታን ይችላል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቆርምድ የሚባለው በሽታ በሰሜን ሸዋና በሌላውም ደጋ ተነሥቶ፣ ቅጠሉን እያሳበጠና እያኮማተረ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። እንዲህ ያለው መቅሠፍት ሲመጣ፣ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ የዘራ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል፤ ቅይጥ የዘራ ግን ለከርሞ ዘር የሚሆን ጥቂት የማትረፍ ተስፋ አለው።

የዚህን ሀብት ዋጋ ሊቃውንት ያውቁታል። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የእህል ዘር ሰብስቧል። በ1968 ዓ.ም. የዕፀዋት ዘር ማከማቻ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሎ በዚሁ በየካ ይገኛል። ማከማቻውን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደም የአገር ዘር በገበሬው እጅ እየተዘራ እንዲጠበቅ ስለ ደከሙ፣ በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር እንዳለ ይቆያልና፤ በየዓመቱ የሚዘራው ግን ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየታገለ ከቦታው ጋር ይለማመዳል።

እንግዲህ በቤት እንዲህ ይደረግ። መሬቱ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ አስቀድሞ መፍሰሻ ቦይ ይውጣለት። በመስመርና በመስመር መካከል 40፣ በዘርና በዘር መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ይዘራ። ሲያብብ መድኃኒት አይረጭበት፤ አበባውን ከአበባ እያዳቀሉ ቅይጡን የሚያድሱት ንቦች ናቸውና። ዘሩ ከአውድማ ሳይሆን አዝመራው በቁሙ ሳለ ይመረጥ፤ ጤነኛ ከሆኑ ከ50 ከማያንሱ ተክሎች ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ፍሬ ተወስዶ፣ መልኩ ሳይለይ በአንድነት ይደባለቅ። ጥርስ እስከማያስገባ ደርቆ ነቀዝ በማይደርስበት እንስራ ይከደን።

ከዚያም አንድ ጣሳ ለጎረቤት ይሰጥ። የእናንተ አዝመራ የጠፋ ዕለት ዘራችሁ ከጎረቤት ቤት ይገኛልና።