ማይክሮዌቭ ፈርተን ከሰል እንሞቃለን

በምሳ ሰዓት የመሥሪያ ቤታችን ማይክሮዌቭ ያለበትን ጥግ ማየት ደስ ይለኛል። ሰው ሽሮውን በምሳ ዕቃ ይከታል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። በቀደም ነፍሰ ጡሯ ባልደረባችን እዚያው ቆማ ስትጠብቅ፣ የሒሳብ ክፍሏ ትልቅ ሴትዮ በሩ ላይ ሆነው «ልጄ፣ ራቅ በይ እንጂ! ጨረሩ ጽንሱን እንዳይነካው» አሏት። እሷም ሆዷን በእጇ ሸፍና ወጣች።

መራቁ ምንም አይጎዳም። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን ማይክሮዌቭንና ኤክስሬይን አንድ ያደረገ ነው። ኤክስሬይ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ማውጣት ይችላል፤ ዲኤንኤን የሚያበላሸውም በዚህ ነው። የማይክሮዌቭ ሞገድ ለዚህ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል። ብዛቱን ቢጨምሩት ሙቀቱ ይጨምራል እንጂ ኤሌክትሮን ወደ መንቀል አይሸጋገርም። ሥራው የውሃ ሞለኪውሎችን ማወዛወዝ ነው፤ ውዝዋዜው ሙቀት ይሆናል። በሩ ሲከፈት ሞገዱ እንደጠፋ አምፖል ብርሃን ያከትማል፤ ሽሮው ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።

ሙቀቱን ግን መናቅ አይገባም። ዶሮ የሚያበስል ነገር የእኛንም ሥጋ ያበስላል። ቀድመው የሚጎዱት ዐይንና የወንድ የዘር ፍሬ ናቸው። ሌላው አካል ሲሞቅ ደም ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ የዐይን ሌንስ ግን የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ከባድ መጠን ሲያገኘው ሞራ ሊያበቅል ይችላል። ይህ በሥራ ላይ ያለ የራዳር አንቴና ፊት የሚቆም ቴክኒሻን ጉዳይ ነው። የወጥ ቤቱ ማይክሮዌቭ በር ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ብረት 12 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ላለው ሞገድ እንደ ግድግዳ ያህል ነው። የአሜሪካ ሕግ ከዕቃው 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሴንቲሜትር ከ5 ሚሊዋት በላይ እንዳያፈስ ይከለክላል፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ ያ ራሱ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ለባልደረባችን መነገር የነበረበት ሌላ ነው፦ ልጁ ሲወለድ ጡጦ በማይክሮዌቭ አታሙቂ። ጡጦው በእጅ ሲነካ ለብ ያለ መስሎ ውስጡ ያለው ወተት የሕፃን አፍ ሊልጥ ይችላል።

«እሺ፣ ትንሽ በትንሽ ለዓመታት ቢሆንስ?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ለዚህ ሞስኮን ማንሳት ግድ ነው።

ሶቪየቶች ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሃያ ዓመታት በላይ በሞስኮው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ማይክሮዌቭ ሲለቁበት ኖረዋል። ለስለላ ይሁን ስለላን ለማወክ አሁንም ያከራክራል። የአሜሪካ መንግሥት ያውቅ ነበር። በ1960ዎቹ የሠራተኞቹን ደም አስመርምሯል፤ ለእነሱ የተነገራቸው ግን የቫይረስ ጥናት ነው ተብሎ ነው! እውነቱ የወጣው በ1976 ነው፤ ያን ጊዜ መስኮቶቹ ላይ የአሉሚኒየም ወንፊት ተገጠመ፣ ቁጣውም ገነፈለ። ቀጥሎ የጆንስ ሆፕኪንሱ አብርሃም ሊሊየንፌልድ ከ4,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን መዝገብ ሰበሰበ፤ ሞስኮ የነበሩትን በሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ኤምባሲዎች ከሠሩት ጋር አነጻጸረ። በ1978 ያቀረበው ውጤት ጨረሩ ለመጉዳቱ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። የኤምባሲው አምባሳደር የነበሩት ዋልተር ስቶሰል ከዓመታት በኋላ በደም ካንሰር መሞታቸው ግን ዛሬም ይጠቀሳል። የአንድ ሰው ሞት ጨረሩን ነፃ አያወጣም፣ አይኮንንምም። እኔ ያን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያናድደኝ ውሸቱ ነው። ደሙን ሰጥቶ የተዋሸ ሰው በኋላ «ምንም የለም» ቢሉት ለምን ያምናል?

የእኛም ሰፈር የቴሌ አንቴና ፍርሃት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ቀን ጠዋት ጣሪያ ላይ ብረት ቆሞ ይታያል፤ ለጎረቤቱ ማንም ምንም አላለውም። ከዚያ ራስ ምታት ያለበት ሁሉ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ነገር ግን ጆሯችን ላይ የተለጠፈው ስልክ ከሩቁ አንቴና ይልቅ ብዙ ሞገድ ወደ ጭንቅላታችን ይልካል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ጉልበቱን ይጨምራል። አንቴናው ሲርቅ ስልኩ ለመሰማት ይጮሃል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. እነዚህን ሞገዶች «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» ከሚለው መደብ ውስጥ አስገባቸው። በ2024 የታተመው፣ ድርጅቱ ያሠራው ሰፊ ግምገማ ደግሞ በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ከአንቴናው ጋር ብዙ የማይነሳው ግን በቤት ውስጥ የሚነድ የማገዶ ጭስ ነው፤ ያው ተቋም አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ «ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም» ከሚለው ጋር መድቦታል። ጭሱ ከካንሰርም በፊት ሳንባ ይጎዳል። ጭስ የለውም የምንለው ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ክረምት መጥቶ በር ሲዘጋ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

በሰፈራችን አንቴናው ይነሳ ተብሎ ፊርማ ሲሰበሰብ ጎረቤት ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ውጭ ዝናብ ነው፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሷል፣ ምድጃው ፍም ሞልቶ መካከላችን ተቀምጧል። «መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተው?» ብል «ብርድ ይገባል» አሉኝ። ስለ ከሰሉ ሳወራ ሁሉም ፈገግ አሉ። ፈረምኩ፤ ግን «ይነሳልን» የሚለው ተሰርዞ «ጨረሩ ተለክቶ ውጤቱ ይነገረን» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ግማሾቹ ተስማሙ።